የአጭር አንገቱ ጊታር

ባሏ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ጊታሩን ለእሷ ተናዘዘ። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ተያዩ። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ከክር በቀር ክራር አታውቅም።

«ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ግን ባለሙያ ይየው» አላት። «ከየት እንደመጣ ይንገርሽ።»

«ከባሕር ማዶ ነው ስትለን አልነበር እንዴ?» አለችው።

ፈገግ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጊታሩን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ ሲጫወትበት ያየ ግን የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ምሳ እንደበላ፣ «ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ልለማመድ» ብሎ ማኅደሩን አንጠልጥሎ ይወጣል። እቤት የማይለማመደው ጎረቤት እንዳይረበሽ ነው ይል ነበር። ሰውየው ጨዋ ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም።

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር አለፈ። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ሦስት አጫጭር ጸሎት ታደርሳለች፤ ሁለቱ ለሁለቱ ልጆቿ ናቸው። አንድ ቀን ጸሎቷን ጨርሳ፣ መርፌዋን በግራ እጇ ይዛ የተማሪ ደንብ ልብስ ስትቀመቅም፣ ትንሹ ልጇ መጣ።

«እማ፣ የአባዬን ቃል መቼ ነው የምንፈጽመው? አልጋ ሥር አይጥ ሊወርሰው ነው እኮ።»

«አይጥ ቢወርሰው እንኳ ከአባትህ ይሻላል፤ ቢያንስ እየሰማነው ይጫወትበታል» አለችና ተነሳች።

የጊታር ጠጋኙ ሱቅ ሦስት ሰው አይይዝም። ጠጋኙ ወፍራም መነጽሩን አስተካክሎ፣ የጊታሩ ራስ ላይ የተጻፈውን የባዕድ ስም በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ፊደሉ ተላጠ።

«ተለጣፊ ነው፣ እናቴ። ባሕር የተሻገረችው ይቺ ወረቀት ብቻ ናት።»

ልጇ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሜትር አለዎት?»

ከቦርሳዋ የስፌት ሜትሯን አውጥታ ሰጠችው። ክሮቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ።

«ሃምሳ ሰባት ሳንቲ ሜትር። የአዋቂ ቢሆን ስልሳ አምስት ይጠጋ ነበር። አንገቱም ቀጭን ነው፤ ለልጅ ጣት ታስቦ የተሠራ ነው። ደግሞ ለግራኝ ነው፤ ይኸው፣ ወፍራሙ ክር የሚያርፍበት ቦይ በተቃራኒው በኩል ነው።»

«ባሌ ግራኝ አልነበረም።»

«እንግዲያው የእሳቸው አልነበረም።»

በካቻቢቴ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ አንገቱን ከአካሉ ነቀለው። አካሉ ከአሮጌ ቁም ሣጥን በር የተቆረጠ ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ በእንጨት ተደፍኗል። ድምፅ የሚቀበሉት ማግኔቶች ሽቦ በእጅ የተጠቀለለ ነው። አንገቱ ላይ ያሉት ብረቶች አልቀው ሰርጉደዋል፤ አንድ ልጅ ሳይሰለች ተጫውቶበታል። ተሸፍኖ የኖረው እንጨት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቀን አለ፤ ልክ የዛሬ ሃያ ዓመት። ከጎኑ በጋለ ብረት የታተመ ምልክት።

«ይህን ማኅተም አውቀዋለሁ» አለ ጠጋኙ። «ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያሉት ሽማግሌ ናቸው።»

መንገድ ላይ ልጇ፣ «እማ፣ እኛ ጊታር ነክተን አናውቅም። ታዲያ የየትኛው ልጅ ነው?» አላት።

«ወደ ቤት ግባ» አለችው።

ብቻዋን ሄደች። የሠርጋቸው ዋዜማ ነበር የሚታያት፤ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት። የተደበቀ ነገር እንደሌላቸው ቅዱስ መጽሐፍ ላይ እጃቸውን ጭነው ማሉ፤ እሱ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ። በዚያ ዓይን ተማምና ነው እድሜዋን የሰጠችው። ሃያ ዓመት የቅዳሜ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ቁልፉን ቆልፋ፣ «በሰላም ግባ» ብላ የሸኘችው እሷው ናት። ለካ ስታስጌጠው የኖረችው ለሌላ ቤት ነው!

የሽማግሌው አውደ ሥራ እስከ ጉልበት ፍቅፋቂ ነው። ጊታሩ ገና ከማኅደሩ ሳይወጣ አወቁት።

«ይቺን! አንቺ ማን ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ሽማግሌው መላጊያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሞቷል አሉ። ነፍሱን ይማረው። ለልጄ ነው ብሎ ነበር ያሠራኝ። ልጅቷ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታሩን ይዞ፣ ከሕፃናት ማሳደጊያው እያወጣ ያመጣታል፤ አብራኝ እንጨት ስትፈትግ፣ እሱ እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያት ይውላል። ቁመቷ ሲያልፈው ጊታሩን ለእሱ ተወችለት።»

«የገዛ ልጁን ማሳደጊያ...» ብላ ጀመረች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ውሃ ላምጣልሽ?»

«አይ፣ አባባ። አሁን የት ናት?»

«ሠላሳ ሞልቷታል። ሙያዬን የወረሰችው እሷ ናት። ከኋላ ቀለም እየቀባች ነው፤ ልጥራት?»

ሠላሳ። ከትዳራቸው በአራት ዓመት ትበልጣለች። እንግዲህ ያን ቀን፣ እጁ መጽሐፍ ላይ ሳለ፣ ልጅቷ እግር አውጥታ ትሮጥ ነበር።

«ከዳኝ» አለች ለራሷ። «በፈጣሪ ስም ምሎ ከዳኝ።» ጮክ ብላም፣ «ይጥሯት» አለች።

መልኳን አይታ፣ የእናቷን ስም ጠይቃ ልትሄድ ነበር ሐሳቧ።

መጋረጃው ተገለጠ። አንዲት ሴት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች፤ ጊታሩን አየች፣ ከዚያ ሴትዮዋን። ሽማግሌው ፍቅፋቂውን ረግጠው ወደ ደጅ ወጡ።

«እማዬ» አለቻት፣ «ወልደሽ ለምን እንደተውሽኝ እንዳልጠይቅሽ አስምሎኝ ነው የሞተው።»