ሁለት ሺህ ሜትር ገመድ

መካኒኩ ለእናትየዋ ልጃቸውን ባሕር እንደ በላው ሊነግራቸው ከጅቡቲ ሦስት ቀን ተጉዞ መጥቶ፣ አሁን መደቡ ላይ ተቀምጦ እሱና ልጃቸው ይሠሩባት ስለነበረችው መርከብ ያወራል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው መርዶውን እስኪናገር ይጠብቁታል። ደክሞታል፤ ከአፉ የሚወጣለት ቁጥር ብቻ ነበር።

"ርዝመቷ ሃያ ስምንት ሜትር ነው፣ እናቴ። ድሮ ዓሣ ማጥመጃ ነበረች፤ ኋላ ባሕር ለሚያጠኑ ሰዎች ተሸጠች። ሞተሯ አራት መቶ የፈረስ ጉልበት ነው። አሥራ ሁለት ሰው ታሳድራለች።"

"ምን ትሠሩባት ነበር?" አሉት እናትየዋ፣ እሱ ይዞት የመጣውን የልጃቸውን ሻንጣ እየዳበሱ።

ይኼኛው ጥያቄ ቀለለው። "ሁለት ሺህ ሜትር የብረት ገመድ አላት። እሱን እንለቅና ከባሕሩ ወለል ጭቃ ዝቀን እናወጣለን።"

"ከአሸተን ተራራ አፋፍ ቢለቀቅ ታች ወንዙ ይደርሳል?"

"አልፎ ይተርፋል እንጂ!"

እጃቸው ሻንጣው ላይ ቆመ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን አዘቅዝቀው ደረቡት።

"ታዲያ ልጄ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ጭቃውን ካወጣችሁ፣ የኔን ልጅ ስለምን ተዋችሁት?"