ከውጭ የተቆለፈ በር

«ከውጭ ቆልፊብኝ፤ ቁልፉንም ስልኬንም ይዘሽ ሂጂ» አላት ሚስቱን፣ እሁድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትነሳ። የሚተረጉመው መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ቀነ ገደብ አልፎበታል፤ ነገ ካላስረከበ ውሉ ይፈርሳል። ራሱን ያውቀዋል። ጎረቤት ቢያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ሊል ይወጣና በዚያው ይቀራል።

ዘውድነሽ ሳቀች። «ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ ምሳህን እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ማንም ቢመጣ ድምፅህ እንዳይሰማ!» ብላ ስልኩን አጠፋችና ጓጉንቸሩን ቆልፋ ሄደች።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ስምንትም ሆነ። «ይኸው፣ ዛሬ ደግሞ እሷን ወሬ ያዛት» እያለ በባዶ ሆዱ ጻፈ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰዎች መጥተው በሩን ደበደቡ። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አንስቶ ትንፋሹን ዋጠ።

«ከውጭ ተቆልፏል እኮ፤ የለም» አለ አንዱ።

«ስልኩም ዝግ ነው» አለ ሌላው።

ሄዱ። እሱም በራሱ ኮራ።

አመሻሽ ላይ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጽፎ አራት ነጥቡን ሲያሳርፍ፣ የእድሩ ጥሩምባ ከደጁ ተነፋ።

«ወይዘሮ ዘውድነሽ ዛሬ ጠዋት በመኪና አደጋ አርፈዋል! ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት ነው! ባለቤታቸው ያሉበትን የምታውቁ ንገሩን!»

ተወርውሮ በሩን ገፋው፤ አልተነቃነቀም። በመስኮቱ ብረት መካከል እጁን አሾልኮ «እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ!» እያለ ጮኸ። ጥሩምባው እንደገና ተነፋና ድምፁን ዋጠው።

«ባለቤታቸው ያሉበትን የምታውቁ…» የሚለው ጥሪ ቁልቁል ወደሚቀጥለው ሰፈር እየራቀ ሄደ።