የኦም ፍሊፕ የሙቅ ውሃ ላስቲክ

የዶክትሬት ተማሪዋ ረፊልዌ ሰሞኑን እህል ከአፏ አይደርስም፤ ደስታው ብቻውን አጥግቧታል። በደቡብ አፍሪካ፣ ሰዘርላንድ በተባለው የቴሌስኮፕ ኮረብታ ላይ አራት ዓመት የጠበቀችው ነገር እየሆነ ነው።

የምታጠናው ከመሃሉ የእሳት ጅረት የሚተፋ አንድ ሩቅ ጋላክሲ ነው። ዓይን የማያየው የሙቀት ብርሃኑ ከየት ይመጣል? አለቃዋ ፕሮፌሰር ማሬ «ከሞቀ ትቢያ» ይላሉ፤ ረፊልዌ «ከጅረቱ» ባይ ናት። ትቢያ በሦስት ሳምንት እጥፍ አይደምቅም፣ ጅረት ግን ይደምቃል። ካልደመቀ አራት ዓመቷን ውሃ በላው።

እንግዲህ ደመቀ። የሚለካው በጠባቧ ካሜራ ውስጥ አብራው ከምትገባ አንዲት ጭምት ኮከብ ጋር እየተነጻጸረ ነው፤ ኮከቢቱ እንደ ሥጋ ቤት የሚዛን ድንጋይ ናት፣ አሥራ አንድ ዓመት ዝንፍ ብላ አታውቅም። ትናንት ጋላክሲው በእሷ ሚዛን ከድሮው እጥፍ መዘነ።

ፕሮፌሰሯ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ የጋላክሲ ሙቀት አይደለም፤ የኦም ፍሊፕ ነው» አሏት።

ኦም ፍሊፕ፣ በአገሬው አጠራር «አጎት ፍሊፕ»፣ ቴሌስኮፑን የሚያንቀሳቅሱት ሽማግሌ ናቸው። ካሜራውን ሊፈትሹ በሄዱ ቁጥር፣ ለብርዱ የሚያቅፉትን፣ በሹራብ የጠቀለሉትን የሙቅ ውሃ ላስቲክ እዚያው ጎኑ ጣል ያደርጋሉ፤ ያውም የጋላክሲው ምስል በሚያርፍበት በኩል።

«ላስቲኬን?» አሉ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የቀረኝ ሙቀት እሱ ነው እኮ።»

«ሦስት ሌሊት ብቻ፣ ኦም። ካልሲ እደርብልዎታለሁ» አለች ረፊልዌ።

«ካልሲውን ለጋላክሲሽ አልብሺው።»

እያጉረመረሙ ሰጧት። መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ምስኪኑ ሽማግሌ ሦስት ሌሊት ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ሠሩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቁጥሩ ወጣ፦ ሁለት ተኩል እጥፍ።

ረፊልዌ በኮሪደሩ እየዘለለች ሄዳ ኦም ፍሊፕን ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ላስቲኩንም ሙቅ ውሃ ሞልታ መለሰችላቸው። ፕሮፌሰሯ እንኳ ሳቁ።

«በቃ ተረታሁ፤ ትቢያዬን ይዤ ልውጣ» አሉ።

ለዓለም ቴሌስኮፖች ሁሉ ማስታወቂያ ተላከ። በኮረብታው ደንብ ጋላክሲው የደመቀለት ሰው በግ ይጠብሳል፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ ረፊልዌ በጓን ፍም ላይ ዘርግታ ትጨፍር ጀመር። ኦም ፍሊፕ ላስቲካቸውን አቅፈው ያጨበጭባሉ።

ጎድኑ ሲንጨረጨር ከቺሊ ቴሌስኮፕ ሰዎች መልስ ገባ፤ እነሱ ሰፊ የሰማይ ክፍል የሚያይ፣ በብዙ ኮከቦች የሚመዝን ካሜራ አላቸው። ፕሮፌሰሯ ከስልካቸው ላይ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ጋላክሲያችሁ እንደ ድሮው ነው፣ ንቅንቅ አላለም። አጠገቡ ያለችው ኮከብ ግን ብርሃኗ እየደከመ ነው፤ ምን ነካት?»