አንዷን ብቻ

«ለኩሳትና ወደ ቤትህ ሂድ» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ተገኘ፣ አንዲት ሲጋራ በጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየገፋ።

መምህር ሰይፈሥላሴ አነሣት። ቀላል ናት፤ ክብደቷን ጣቶቹ አልረሱትም። በሆሳዕና ከተማ በዚያ በደርግ ዘመን መጠጥና ሲጋራ ባንድ ጊዜ እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ጴንጤ ሆኗል ይባላል። ጴንጤ የተባለ ደግሞ ቀበሌ ነው የሚያድረው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የማርያም ልጅ ነኝ።» ማተቡን ከአንገቱ መዝዞ አሳየ። «ደረቴን ቢያመኝ ነው የተውኩት። ሐኪም ነው ያዘዘኝ።»

«ማተብማ ገበያ ላይ ሞልቷል!» በሩ አጠገብ የቆመው ጥበቃ ሳቀ። «ደግሞ ደረቱን ያመመው ሁሉ ይጸልያል እንዴ? አምሮቱ ሲነሣብህ ከክፍሉ ጀርባ ሄደህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ‹ጌታ ሆይ፣ ይቺን ሰዓት አሳልፈኝ› ትላለህ አሉ።»

ሰይፈሥላሴ ፊቱ ጋለ። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። የነገረው ለተረፈ ብቻ ነው፤ አብረው የሚያስተምሩ፣ ሲጋራ የተዉትም አብረው እጅ ተማተው ነው። «እኔስ አቃተኝ፣ አንተ በምን ቻልከው?» ብሎ ቢለምነው አዘነለትና፣ እያፈረ፣ መድኃኒት እንደሚያካፍል ሰው ነገረው።

ተረፈ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«ካንተ አፍ ነው የወጣው?» አለው ሰይፈሥላሴ።

«እኔንም እኮ ‹አብረኸው ተውክ› ብለው ያዙኝ።» ተረፈ የሚናገረው ከወለሉ ጋር ነው። «ምን ልበል? ደሞ አንዷን ብቻ ነው፣ ሰይፌ። ሳብ አድርገህ ትተፋታለህ።»

አንዷን ብቻ። ከዚህ ቀደም ሲተው፣ የመለሰችው አንዷን ብቻ የተባለችው ነበረች። ያኔም ጋባዡ ተረፈ ነበር።

ሲጋራዋን እንዳትንከባለል ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ይቅርብኝ።»

«ይኸው! ጴንጤ ለመሆኑ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር እፈልጋለሁ? አስገባው!» አለ ሊቀ መንበሩ።

ጥበቃው ክንዱን ያዘው። በሩ ላይ ሲደርሱ ከኋላው ክብሪት ተጫረ፤ ወዲያው የተረፈ ሳል ተከተለ። ዞር አላለም። ጭሱ ግን ደረሰበት፤ አፉ ምራቅ ሞላ።