የእማማ ጥሩነሽ ሦስት ሚስማሮች

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... በዚህ ዕድሜዎ እንግሊዝኛ ምን ሊሠራልዎት ነው?»

ተናጋሪው ሽኩር ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ጫማ ይሸጣል። ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አፉ አያርፍም...

እማማ ጥሩነሽ ቀና አላሉም። አምና መጥተው የሱቁን በረንዳ ከተከራዩ ወዲህ፣ ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና ሲሉ አይታዩም።

«ልጅህ ታስተምረኝ እንጂ። ምን ቸገረህ?»

ሽኩር ሳቀ። ሳቁ ግን ከአንጀቱ አልነበረም።

ልጁ አስማ አራተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተነስታ «ትናንት በላሁ» ለማለት «ኤት» በማለት ፈንታ «ኢትድ» አለች... ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አፏን ከፍታ አታውቅም።

መምህሯ ደብተሯ ላይ «በዚህ ከቀጠለች ክፍል ትደግማለች» ብሎ ጻፈ።

ሽኩር ራሱ ትምህርቱን ያቋረጠው ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሊያስረዳት ይሞክራል... አይገባውም... ይጮህባታል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጸጸታል።

አሁን ደግሞ ኤ ቢ ሲ ዲ የማያውቁ አሮጊት ተማሪ ሆኑላት።

ከእማማ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሦስት ሚስማሮች አሉ። አንዱ ላይ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ይሰቀላል። መሃለኛው ላይ እየተሰፋ ያለው። ሦስተኛው ላይ ነገ የሚሰፋው።

አስማ ቃላቱን በወረቀት ጽፋ እዚያው ሰቀለችላቸው።

«ያለቀው ፓስት ነው እማማ... ‹ዌንት›። እጅዎ ላይ ያለው ‹ጎይንግ›። የነገው ‹ዊል ጎ›።»

እማማ «ኤት» የምትለዋን ወረቀት አንስተው... የነገው ሚስማር ላይ ሰቀሏት።

አስማ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

«አይ እማማ፣ እሱ እኮ ተበልቶ አልቋል። ነገ ከየት ይመጣል?»

«ወይ ጉዴ... እስቲ እንደገና አስረጂኝ።»

በየቀኑ ይሳሳታሉ። በየቀኑ ታርማቸዋለች።

ሽኩር ደንበኛ እያስተናገደ «ሊቃችን ዛሬም ወደቁ?» ይላል።

«ወደቅኩ» ይላሉ እማማ፣ መርፌያቸው ውስጥ ክር እየከተቱ።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ...

አንድ ቀን አስማ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። ሰኔ ላይ እንግሊዝኛ ከመቶ ዘጠና አንድ አመጣች።

የወላጆች ቀን ሲደርስ «ተማሪዬ ካልመጣች አልሄድም» ብላ አባቷንና እማማን እየጎተተች ወሰደቻቸው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ዳኒኤል መድረክ ላይ ሆኖ እየተናገረ ነበር። እማማን ሲያይ ንግግሩን አቋረጠ።

ወርዶ መጣ። ዝቅ ብሎ የእማማን ጉልበት ሳመ።

«ቲቸር ጥሩነሽ... እርስዎ ነዎት?»

ወደ ወላጆቹ ዞረ። «እኔን እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረው ነው ጡረታ የወጡት።»

ያን ቀን የሽኩር አፍ አረፈ።

መንገድ ላይ እንደ ምንም ብሎ ጠየቃቸው። «ለምን ደበቁን እማማ?»

«አስማ አዋቂ መሆኔን ብትሰማ እኔንም ትፈራኝ ነበር። የሚያስተምራትማ መች አጣች... ያጣችው ከእሷ ፊት የሚሳሳት ሰው ነው።»

«እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ሳላግጥብዎት... ወላሂ አፈርኩ።»

«አትፈር። አንተ ስትስቅብኝ እሷ ታየኝ ነበር። ሰው ተስቆበትም በነጋታው መጥቶ ይማራል ለካ፣ አለች።»

የሽኩር ዓይን እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ከሱቁ ወንበር ይዞ ወጣና ከሚስማሮቹ ፊት አስቀመጠው።

«አስሚ... ለእኔም ቦታ አለሽ?»

ወዳጆቼ... አንዳንድ ሰው እውቀቱን የሚሰጠን ከፍ ብሎ አይደለም። እኛ ቀና እንድንል እሱ ዝቅ ይላል። ልጅ ሲሳሳት የምንስቅ ሰዎች፣ ያቺን አፍ ዳግም ለማስከፈት ስንት ወር እንደሚፈጅ እናስብ።

እናንተስ... ስትሳሳቱ ሳይስቅ ያስተማራችሁ ሰው ማን ነው? እስቲ ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉለት... በሕይወት ካለም ዛሬ ደውሉለት።