ትከሻው ጋ ያለችው ነጭ ጠርዝ

ብቻውን የሆነን ሰው ፎቶ የሚያነሳው ማነው? ይህን እስካሁን መመለስ አልቻልኩም።

ባለቤቴ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲሄድ ልጃችን ገና ዳዴ አትልም ነበር። አሁን ትሮጣለች። ሥራው ቱሪስት ማመላለስ ነው፤ ሾፌር ነው። ዛሬ እዚህ ነኝ፣ ነገ እዚያ ነኝ ይላል። ሲደውል በድምፅ ብቻ ነው፣ ቪዲዮ ኔትወርኩ አይችልም። ፎቶ ግን ይልካል። ፏፏቴ፣ ድልድይ፣ ትልቅ ባሕር። ሁሉም ላይ መሀል ቆሞ ይስቃል። ባሕሩ አጠገብ ሰው ሁሉ ልብሱን ጥሎ እሱ ጃኬቱን አላወለቀም። አሞት ይሆን ብዬ ስንት ቀን ተጨነቅሁ።

ልጄ አባቷን እንዳትረሳው እፈራለሁ። "አባዬ" የምትለው ስልኩን ነው።

ይህን ለባሌ እህት ነገርኳት። እትዬ ነው የምላት፤ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። አሮጌ ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣችና በነፃ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ ጫነችልኝ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ ጽሑፉም የውጭ ነው። መቀሷንም ላጲሷንም በስዕላቸው ለየኋቸው። እኔንና ልጄን ግድግዳው ጋ አቁማ አነሳችንና፣ ቆርጣ ባሌ ፎቶ ላይ አጠገቡ አስገባችን።

"ይኸው፣ ያለ ትኬት ወሰድኳችሁ" አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ቀን ስትተኛልኝ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ቤቱ ጭር ይላል። የጎረቤት በር ሲከፈት እንኳ ወደ እኔ የመጣ ሰው ይመስለኛል። እኔ ቁጭ ብዬ እቆርጣለሁ፣ አስገባለሁ። ሠርቼ ስልክለት አማረባችሁ ይለኛል። ያስቸገረችኝ አንዲት ነገር ነበረች። የቆረጥኩት ሰው ዳር ዳሩን ክር የምታህል ነጭ ጠርዝ ትቀራለች። እትዬ እሷን ማጥፋት ትዕግስት ይፈልጋል አለችኝ።

አንድ ቀን ልጄን በግራው ላቆማት ብዬ የድልድዩን ፎቶ አጎላሁት። ትከሻው ጋ ያቺ ነጭ ጠርዝ አለች። እኔ ደግሞ ገና አልነካሁትም።

አጠገቡ ሴት ነበረች ማለት ነው፤ ቆርጦ አውጥቷት ነው የላከልኝ። የፏፏቴውን ከፈትኩ፣ እዚያም ጠርዟ አለች። የባሕሩም ላይ።

ለእትዬ ሳሳያት ወንድሜ ስለሆነ ብዬ አይደለም፣ እሱ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም አለችኝ። ደግሞ ሁሉን ነገር እያጎሉ ማየት ትዳር ያፈርሳል፣ ተይው አለች። እንዴት ልተወው?

ሲደውል ጠየቅሁት።

"አጠገብህ የነበረችው ማናት?"

ከኋላው ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል።

"ማንም የለም። ከመጣሁ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ፣ እመኚኝ።"

"ታዲያ ማን አነሳህ?"

"መንገደኛ" አለኝና ልጅቷ በልታ እንደሆነ ጠየቀኝ።

የሄደበት ሁሉ መንገደኛ አይጠፋም ማለት ነው። አልቅሼ ሲወጣልኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። ልጄን ይዤ ጠቅልዬ ልመጣ ነው አልኳት። እናቴም ብዙ አልጠየቀችኝም፣ ነይ አለችኝ።

ልብሳችንን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ጨረስኩ። ከመሄዴ በፊት ግን ያቺ ሴት ምን እንደምታክል ማወቅ ፈለግሁ። ትረዝመኛለች? እጇን የት ነበር ያሳረፈችው? ጠርዟ የት ላይ እንደምታልቅ ካየሁ ይታወቃል ብዬ አሰብኩ። ልጄ ስትተኛ የድልድዩን ፎቶ እስከቻለው አጎላሁትና ከግራ ትከሻው ጀምሬ በጣቴ ተከተልኳት።

በክንዱ ወረደች። በሱሪው በኩል አልፋ ጫማው ሥር ገባች። ሰው ያልቆመበት በቀኙም ወጣች። በጆሮው፣ በፀጉሩ ዞራ ተመልሳ ግራ ትከሻው ላይ ገጠመች።

ከፎቶው የወጣች ሴት የለችም፤ ተቆርጦ የገባው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ የሐይቅ ፎቶ ልኮ እናንተንም አጠገቤ አድርጊልኝ ብሎኛል፤ ላስገባን ወይስ የት ነህ ልበለው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?