ራሷ የሳበችው ትንፋሽ

«ያላ፣ ለአባቷ ደውይና ንገሪው» አለች የነስሪያ ማዳም። ስልኳን አስካለ ደረት ላይ ልትለጥፈው ምንም አልቀራት።

«ምን ብዬ?»

«ኸላስ፣ አለቀች በይው። የምትተነፍሰው እኮ እሷ አይደለችም፣ ማሽኑ ነው። ሐኪሞቹን ነቅላችሁ አሳርፏት ብላቸው፣ ቤተሰብ ቤተሰብ ይሉኛል። ሐራም፣ ምን ያሰቃያታል?»

ነስሪያ የቤሩት ሆስፒታል አልጋ ላይ ናት። አፏ ውስጥ ቱቦ ገብቷል፤ ቱቦው ራስጌዋ ከቆመው መተንፈሻ ማሽን ጋር ተያይዟል። ማሽኑ ሽው ሲል ደረቷ ከፍ ይላል፣ ሲተወው ይወርዳል። ሁለት ሰው የማያነሳውን ብቻዋን የምታነሳ የወሎ ልጅ ነበረች። በዚያ ብርድ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ስታጥብ ከርማ ሳምባዋን መታት። ስትስል ፓናዶል፣ ስታተኩስ ፓናዶል። የማዳሟ ውሻ ሲያስነጥሰው ግን ያኑ ዕለት ሐኪም አይቶታል። እግዜር ይይላቸው።

አስካለም ብትሆን ተሳስታለች። ጠዋት የነስሪያ ማዳም ደውላ «ማሽኑ ነው የሚተነፍስላት» ስትላት፣ ይሄማ ሞት ነው ብላ ሺያህ ሰፈር ያለውን ፀጉር ቤቷን ለለቅሶ ለቀቀች። ያገሯን ልጆች ጠራች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መጣች። እዚህ ስትደርስ የልጅቷ እጅ ይሞቃል። የሞተ ሰው እጅ ሲሞቅ የት አይታ ታውቃለች?

«ማዳም፣ እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም» አለቻት። «ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቱ ሄዶ፣ ሰውየውን ደግፎ ይዞ ነው የሚያረዳው። ደግሞ ላልሞተ ሰው መርዶ የለም።»

«ሐቢብቲ፣ እኔ እኮ አዝኜላት ነው።»

«እንዲህ ያለ ሐዘን ይቅርብኝ» አለች አስካለ በአማርኛ፣ ለራሷ።

ማሽኑን ስትነካካ የነበረችው ነርስ ዞር አለች። እንቅልፍ ያጣች፣ ቀጭን ሊባኖሳዊት ናት። «ሞተች ያለሽ ማነው?»

«ዶክተሩ ራሱ፣ ማዴሞዜል። ማሽኑ ነው የሚተነፍስላት አላለም?» አለች ማዳሟ።

«ብሏል። እኛ በመድኃኒት አስተኝተናት ነዋ። እስከ ትናንት የአየሩን መጠንም፣ በደቂቃ ስንቴ እንደሚገባም የምናዘው እኛ ነበርን። ማሽኑ ይሰጣል፣ እሷ ተኝታ ትቀበላለች። ሳምባዋ እንዲያርፍ ነው ያኒ። አንቺም የተባልሽው ቤተሰቧ ይወቅ ነው እንጂ፣ ይነቀል ያለ የለም።»

ማዳሟ ፀጉሯን አስተካከለች። አስካለ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ከትከሻዋ መንጭቃ አወረደችና ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ወተፈችው።

«ዛሬ ማስተኛ መድኃኒቱን ቀንሰናል፤ አሁን ደግሞ የማሽኑን አሠራር ልቀይር ነው» አለች ነርሷ።

«ሲቀየር ምን ይሆናል፣ እህቴ?»

«ማሽኑ እሷን ይጠብቃል። አየር መሳብ የምትጀምረው እሷ ናት። ስትጀምር ከኋላዋ ይገፋላታል፣ ካልጀመረች ዝም ይላል።»

«ዝም ብላ ብትቀርስ?»

«ይጮሃል፤ ራሱ ተመልሶ ይተነፍስላታል። እኔም እዚሁ ነኝ። ስክሪኑን እዪ፤ ማሽኑ የሰጣት ትንፋሽ ቢጫ ነው፣ እሷ የጀመረችው አረንጓዴ ይሆናል።»

ነርሷ ቁልፉን ተጫነችው። ሽው የሚለው ድምፅ ቆመ።

ማዳሟ ግን አላስቻላትም። ራሷ ለአባትየው ደውላ ስልኩን አስካለ ጆሮ ላይ ለጠፈችው። «ይኸው እየጠራ ነው። በይ ጨርሺው።»

ስልኩ ይጠራል። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ዝርግ ብሎ ይሄዳል፣ ይሄዳል። የነስሪያ ደረት ንቅንቅ አይልም። እመብርሃን፣ አንቺ የሰው ልጅ በሃይማኖት አትለዪም፣ አለች አስካለ በሆዷ። ንዴቷ ከማዳሟ አልፎ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ አልፎ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ሳቢ እንጂ» አለቻት። «አንቺ ልጅ፣ ሳቢ። በቁምሽ ሊቀብሩሽ እኮ ነው።»

«ሃሎ?» አለ በስልኩ የሽማግሌ ድምፅ። አባቷ አባጀበል ነው። «ሃሎ፣ ማን ልበል?»

መስመሩ ትንሽ ሰረጎደ። ማሽኑ ወዲያው ሽው ብሎ ከኋላዋ ገፋ፤ ጉብታው አረንጓዴ ሆኖ ተነሣ።

«እሷ ናት» አለች ነርሷ።

«ብራቮ» አለች ማዳሟ። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ታዲያ መቼ ነው የምትነሳው? የልጄ ሠርግ ደርሶብኛል እኮ።»

አስካለ ጀርባዋን ሰጠቻት። «አባቴ፣ አስካለ እባላለሁ፣ ከቤሩት ነው። ነስሪያ ዘንድ ነኝ።» «ትተነፍሳለች፣ አባቴ። ራሷ ነው የምትተነፍሰው።»

ሽማግሌው ከወዲያ፣ የሰው ቀልድ እንዳልገባው ሰው፣ ሳቅ አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ልጅ። ድሮስ ምን ልታደርግ ኑራለች?»

አስካለ ቀስ ብላ ዞረች። «መታመሟን አልነገራችሁትም?» አለች በዐረብኛ።

ማዳሟ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረች።

«ሃሎ? የኔ ልጅ፣ አለሽ? እሷ ምን ሁና ነው?»

ስክሪኑ ላይ ሌላ አረንጓዴ ተነሣ፣ ወረደ። አስካለ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የሚቀጥለውን ትንፋሽ ጠበቀች።